ሳይከፈቱ የተቀመጡ ፖስታዎች

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ቀዝቃዛ ክፍል፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የምሠራው ሥራ ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ሰዎች ግን ሲሰሙ ይስቃሉ።

የማስተዳድረው ሰርቨር ነው። ሰርቨር ማለት ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው፤ የሰዎች ድረ ገጽ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። የእኛው አዲስ አበባ ካለ ድርጅት የተከራየነው ስለሆነ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቤቴ ሆኜ በላፕቶፕ የማዝዘው ፓነል በሚባል መቆጣጠሪያ ገጽ በኩል ነው። እዚያ ላይ ሠላሳ አራት ደንበኞች በየስማቸው ተደርድረዋል፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ እነዋሪ ያለ እህል ነጋዴ፣ አንኮበር ያለ የእንግዳ ማረፊያ፣ የሱፍ ስጋጃ የሚሠሩ ሴቶች ማኅበር፣ ሌሎችም።

ሥራውን የጀመረችው ልጄ ናት። ሐዋሳ የማስተማር ሥራ አግኝታ ስትሄድ ልትዘጋው ነበር።

«ማን ይይዘዋል?» አለች።

«እኔ።»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ፋይል ማውጣት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ፋይል ማውጣት ነው» አለች።

ከመሄዷ በፊት ሦስት ሳምንት አስተማረችኝ። እኔም ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ። አስቀድማ የነገረችኝ ስለ ዋናው መግቢያ ነው። ሰርቨሩ ላይ ሁሉን ማድረግ፣ ሁሉንም ማጥፋት የሚችል አንድ መግቢያ አለ። በእሱ ገብቶ መዋል የግምጃ ቤት ቁልፍ ይዞ ገበያ እንደ መዋል ነው። ለዕለት ሥራ ሌላ ትንሽ መግቢያ አወጣችልኝ፤ ዋናውን የምነካው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፣ ሥራዬን ስጨርስም ወዲያው እወጣለሁ።

ሌላውን ያስተማረኝ ስህተት ነው። በመጀመሪያው ወር ለደንበኞቹ የቦታ ወሰን አላበጀሁላቸውም ነበር። አንደኛው ትምህርት ቤት የምረቃ ቪዲዮውን ሙሉ ለሙሉ ጭኖ ዲስኩን ሞላው፤ የክሊኒኩ ኢሜይል ቆመ። ጥርሱን ያመመው ሰው በማያውቃቸው ልጆች ምረቃ ምክንያት ቀጠሮ አጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲመዘገብ መጀመሪያ የምወስነው የሚይዘውን ቦታ ነው።

ጠዋት ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ። ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ አያለሁ፤ ሳይላክ የተከማቸ ኢሜይል እንዳለ አያለሁ፤ ማን ሊገባ ሞክሮ እንዳልቻለ አያለሁ። አንድ ቀን በእነዋሪው እህል ነጋዴ ስም ሽቶ የሚያስተዋውቅ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ኢሜይል ተከማችቶ አገኘሁ። ደወልኩለት።

«ለመሆኑ ሽቶ መሸጥ ጀምረሃል?» አልኩት።

«የምን ሽቶ? እማማ፣ እኔ ከስንዴ ሌላ ሽታ አላውቅም!»

የይለፍ ቃሉ ስልክ ቁጥሩ ነበር። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ የሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ወዲያው ቀየርንለት።

ፕሮግራሞቹን የማድሰው፣ አፕዴት የሚሉትን፣ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያውም አንድ በአንድ፣ ቅጂ ካስቀመጥኩ በኋላ። በበዓል ዋዜማ አልነካውም። አንድ ጊዜ ለገና ዋዜማ ነክቼ የሁሉም ገጽ ሲቆም፣ አከራዩ ድርጅት ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው የተገኘው በበዓሉ ማግስት ነው። አንድ ነገር ከመቀየሬ በፊት የነበረውን እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ የቀየርኩትን። ይኼን ማንም አላስተማረኝም፤ ከመዝገብ ቤት ይዤው የመጣሁት ነው።

ከመዝገብ ቤት ይዤው የመጣሁት ሌላም ልማድ ነበረኝ። የዚህ ጽሑፍ ነገር እሱ ነው።

ሰርቨሩ በየቀኑ የሁሉንም ደንበኛ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ባክአፕ ይሉታል። ሰባት ቀን ያቆየውና አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። ነገር ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ቅጂ፣ ቤቱ ቢቃጠል አብሮ የሚቃጠል ቅጂ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም አውርጄ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ፍላሹን ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሽገዋለሁ፤ በማሸጊያው ላይ እፈርማለሁ፤ ወሩን እጽፋለሁ። ከዚያ ለኪዳነ ምሕረት አንኮበር ስወጣ ለታላቅ እህቴ እሰጣታለሁ። ባሏ ቄስ ናቸው፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። እሷም ቁም ሳጥኗ ውስጥ በቆርቆሮ ሳጥን ትደረድረዋለች። ልጄ ይኼን ስትሰማ በጣም ነበር ያመሰገነችኝ። ትልልቅ ድርጅቶችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት አለችኝ። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሬ ተንኳኳ። የስጋጃ ሠሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናት። የቆላው የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወጥታ ከኖረች ግን ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ከብርዱ በቀር የቀራት ባዳነት የለም።

«እትዬ፣ ጉድ ሆነናል» አለችኝ ገና በሩን ስከፍት።

«ግቢ እስቲ።»

«አልገባም። እዚሁ ቆሜ ልንገርዎት፤ ከገባሁ አለቅሳለሁ።»

ገባች፤ አላለቀሰችም። ስልኳን አውጥታ ዓይኔ ሥር ያዘችልኝ። የማኅበራቸው ገጽ ነው። ስጋጃዎቹ በነበሩበት ቦታ አንድ የቁማር መንኮራኩር ይዞራል፤ ዙሪያውን የወርቅ ሳንቲም ይዘንባል።

«አየሽ... ይቅርታ፣ አዩ እትዬ? እኔ ሐጅ ልሂድ እያልኩ ስመኝ ቁማር ቤት ከፍቼልዎታለሁ!»

ሳልስቅ ቀረሁ፤ ቀላል አልነበረም።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል እየተሠራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለክፍሎቹ ስጋጃ ይፈልጋል፤ ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ሆነው አርብ ዕለት ከገጹ ላይ ንድፍ ሊመርጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ካልሆነ ከፋብሪካ ይገዛሉ። አሥራ አንዱ ሴቶች ይኼን ሥራ ካገኙ ዓመቱን ሙሉ እጃቸው አይፈታም፤ ካላገኙ ከመካከላቸው ሁለቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደየወላጆቻቸው ገጠር ሊመለሱ ተነጋግረዋል። ሥራ አስኪያጁ የዚያን ቀን ጠዋት ገጹን ከፍቶ ደውሎ «ሴትዮ፣ ሥራ ቀየራችሁ እንዴ?» ብሏታል።

ስጋጃዎቹ ራሳቸው የሉም፤ ተሠርተው ተሸጠዋል። የቀረው ፎቶው ነው። ንድፉን በወረቀት የሚስል የለም፤ አንዷ እያሰበች ትጀምረዋለች፣ ሌላዋ ትጨርሰዋለች፣ ከመሸጡ በፊት ፎቶ አንስተው ገጹ ላይ ይጭኑታል። ስለዚህ ገጹ ሱቃቸው ብቻ ሳይሆን መዝገባቸውም ነው።

ፓነሉን ከፈትኩ። ሰብሮ የገባ የለም። ከአሥር ቀን በፊት አንድ ሰው በራሳቸው የይለፍ ቃል፣ በሩን ከፍቶ እንደ ባለቤት ገብቷል። ፎቶዎቹን አጥፍቶ መንኮራኩሩን ተክሏል።

«የይለፍ ቃሉን ማን ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ሁላችንም።»

«ሁላችሁም?»

«አሥራ አንዳችን። ከዚያ ውጭ ነፍስ አያውቀውም፣ ወላሂ!»

«የትም ጽፋችሁታል?»

«የትም አልጻፍነውም» አለች። ቆየት ብላ «ግድግዳው ላይ ካልሆነ በቀር» አለች።

ከዚያ እሷው ራሷ አሳየችኝ። ትልቁን ስጋጃ የጨረሱ ዕለት ተሰብስበው የተነሡት ፎቶ ነው፤ ፌስቡክ ላይ አውጥተውታል፤ ብዙ ሰው ወዶላቸዋል። አሥራ አንዱም ይስቃሉ። ከኋላቸው፣ ከሽመናው ዕቃ በላይ፣ የካርቶን ቁራጭ ላይ የይለፍ ቃሉ በደማቁ ተጽፎ ይነበባል። ሴትዮዋ ፎቶውን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ገጹን ዘግቼ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ቀጥዬ ሰርቨሩ ላይ ያሉትን የሰባት ቀን ቅጂዎች አየሁ። ሰባቱም መንኮራኩሩን ይዘዋል፤ ደህናው ቅጂ ከሦስት ቀን በፊት ጊዜው አልፎ ጠፍቷል። ቢሆንም አልደነገጥኩም።

«ነገ አንኮበር ወጥቼ አመጣዋለሁ» አልኳት። «አርብ ገጻችሁ ይመለሳል።»

በሕይወቴ ብዙ ቃል የምገባ ሰው አይደለሁም። የዚያን ዕለት ገባሁ።

ረቡዕ በማለዳ ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ወደ አንኮበር ሲቃረብ ጉሙ ይጠብቅ ነበር። እህቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ አልተደሰተችም።

«ኪዳነ ምሕረት ገና አምስት ቀን ይቀራታል። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ፖስታዎቼን ፈልጌ ነው።»

«አሁን ገና ሊከፈቱ ነው በይኛ» አለች፤ ሳጥኑን አወጣችልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩት። የጥቅምቱን ፖስታ ፊርማዬን ቀድጄ ከፈትኩ፤ ፍላሹን ሰካሁ። የሴቶቹን ስም አገኘሁ። የየስጋጃው መጠሪያ አለ፤ ርዝመትና ስፋቱ አለ፤ የቀለሙ ዓይነት አለ። ፎቶ ግን የለም። ሌሎቹን ደንበኞች አየሁ፤ የማንም ፎቶ የለም። የመስከረሙን ከፈትኩ። የነሐሴውን። የሐምሌውን። እህቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የሰኔውን፣ የግንቦቱን፣ የሚያዝያውን።

«ባዶ ናቸው?» አለች።

«ባዶ አይደሉም። ጎዶሎ ናቸው።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ሚያዝያ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል። የሰርቨሩ ዲስክ ሊሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር። ባክአፑን ላቃልል ብዬ ከምርጫዎቹ መካከል አንዱን ምልክት አነሣሁ። በማግሥቱ የቅጂው መጠን ከሩብ በታች ሆነ። ከሥሩ «ባክአፑ ቀለለ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አስምሬበታለሁም። ያነሣሁት ምልክት ፎቶውንና ሌላውን ፋይል ሁሉ ቅጂው ውስጥ የሚያስገባው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፓነሉ አረንጓዴ ምልክት ያሳየኝ ነበር። አረንጓዴው የታዘዘው ሥራ ተፈጽሟል ይላል። ትእዛዙ ትክክል ነው አይልም።

አንዱን ፖስታ እንኳ ከፍቼ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር። አልከፈትኩም፤ መክፈትም አላሰብኩም። መዝገብ ቤት ውስጥ የታሸገ ነገር ያለ ሁለት ምስክር መክፈት ያስቀጣ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማሸጊያ ሳይነካ ማየት ለእኔ የደህንነት ምልክት ነበር። ያንን ሕግ ወደማይሠራበት ቦታ ይዤው መጣሁ።

ለእህቴ እንዲህ መሆኑን ነገርኳት። እሷ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው።

«ታሽጎ የተቀመጠ ሁሉ ደህና ነው ያለሽ ማነው?» አለች። «ባቄላዬን እኮ በየወሩ ከፍቼ ነው የማየው። ነቀዝ ማህተም ያያል እንዴ?»

የመጋቢቱን ፖስታ ከፈትኩ። እሱ ሙሉ ነበር።

የመጋቢቱን ፎቶዎች ከጥቅምቱ ዝርዝር ጋር አመሳከርኩ። ዝርዝሩ ላይ ስድሳ ስድስት ስጋጃ አለ፤ ፎቶ ያለው ሃምሳ ሁለቱ ነው። ከሚያዝያ ወዲህ የተሠሩት አሥራ አራቱ የሉም። ሥራ አስኪያጁ የወደዳቸው ደግሞ አዲሶቹን ነው።

ስልኩ የሚይዘው ከቤቱ በላይ ካለው አጥር ጋ ነው። ወጥቼ ለሊቀመንበሯ ደወልኩ። ሳላለሳልስ ነገርኳት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«እትዬ፣ የግድግዳው ጽሑፍ የማን ነው?»

«እሱ የእናንተ ነው። ይኼኛው የእኔ ነው።»

«እንግዲያው እንካፈለው» አለች። «የጎደሉትን ያንብቡልኝ።»

አንድ በአንድ አነበብኩላት። የሁሉንም መድረሻ ታውቃለች። ይኼ ጣርማ በር ለሠርግ ሄዷል፤ ይኼ ጎረቤታችን ሳሎን ነው፤ ይኼን ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ወስዶታል። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጮኸች።

«እሱማ እርስዎ ያሉበት ነው! የእንግዳ ማረፊያው! ስድስት ስጋጃ ሐምሌ ላይ ወስዶልናል፤ ከእግርዎ ሥር ናቸው እትዬ፣ ይሂዱ!»

እህቴ ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ አቅርባ ነበር። ቆሜ ጎረስኩ፤ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ የእኔም ደንበኛ ነው፤ ኢሜይሉ ሲቆምበት ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ። ሁለት አሮጊቶች መጥተው ስጋጃዎቹን አንሣልን ሲሉት ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ ምን አጥፍቼ ነው? ኢሜይሌን ብቻ እንዳይዘጉብኝ እንጂ...»

«ፎቶ ልናነሣቸው ነው። ኢሜይልህ ደህና ነው።»

«አምስቱን ውሰዱ። ስድስተኛው ክፍል እንግዳ ተኝቷል። ወፍ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ነው፤ ከጎሕ ጀምሮ ገደል አፍ ላይ ቆሞ አረፋፍዶ አሁን ገና ነው ጋደም ያለው።»

ክፍሎቹ ጨለማ ነበሩ። አልጋ እያነሣን ስጋጃዎቹን ወደ ግቢው አወጣንና በአጥሩ ላይ ሰቀልናቸው። ጉሙ ጠቀመን፤ ብርሃኑ ከሁሉም በኩል እኩል ነበር፣ ጥላ የሚባል አልነበረም። ነፋሱ ግን ጠርዛቸውን ያነሣዋል። እህቴ ከአጥሩ ጀርባ ተደብቃ ጫፋቸውን ያዘችልኝ።

«እጅሽ ይታያል፣ እትዬ።»

«እጄን ቆርጬ ልጣለው? አንሺ ዝም ብለሽ።»

አነሣሁ። አምስተኛውን ስንጨርስ ፈረንጁ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወጣ። ኃላፊው ነገሩን ሲያስረዳው ተመልሶ ገባና የክፍሉን ስጋጃ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። እህቴ መረቀችው። ምኑ እንደገባው እንጃ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላት።

ሴቶቹ ደግሞ በዚያው ቀን ደብረ ብርሃንን ተከፋፍለው የሰው ቤት እያንኳኩ አምስት አነሡ። ሦስቱ አልተገኙም። ባለድሬዳዋው ስልክ አላነሣም፤ የጣርማ በሮቹ ሙሽሮች ለዘመድ ጥየቃ ሄደዋል፤ አንዱን ደግሞ ውሻ በልቶታል።

ሐሙስ ጠዋት ደብረ ብርሃን ቤቴ ተመልሼ ለልጄ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«እማዬ፣ እኔም አድርጌዋለሁ» አለች። «እኔ ያወቅኩት ግን በሁለተኛው ዓመት ነው። አንቺ ሰባት ወር ነው የፈጀብሽ።»

ቀጥታ ወደ ትክክለኛው ገጽ አልመለስኩትም። መጀመሪያ ፓነሉ ላይ ማንም የማያየው የሙከራ ቦታ ከፍቼ ጽሑፉን ከጥቅምቱ፣ ፎቶውን ከመጋቢቱ ወስጄ እዚያ ገነባሁት። አዲሶቹን አሥራ አንድ ፎቶ ጨመርኩ። ስድሳ ሦስቱንም ፎቶ አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ። ሌባ ሲወጣ መስኮት ክፍት ትቶ እንደሆነ ማየትም ያስፈልጋል፤ ልጄ በስልክ እየመራችኝ አሮጌውን ገጽ ስንፈትሽ ሥዕል መስሎ የተቀመጠ አንድ ፋይል አገኘን። እሱ ቢቀር ኖሮ የይለፍ ቃሉን ሺህ ጊዜ ብንቀይር ሰውዬው ተመልሶ ይገባ ነበር። አሮጌውን እንዳለ አጥፍቼ የተፈተሸውን አወጣሁ። መሐል ላይ መብራት አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ ነው የሠራሁት። አሥር ሰዓት ላይ ገጹ ተመልሶ ተከፈተ።

አርብ ሊቀመንበሯ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ቤት ደርሳለች። ስልኳን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጣ ትጠብቀው ጀመር። ሻይ ሰጠኋት፤ ቀዘቀዘ። ሌላ ቀዳሁላት፤ እሱም ቀዘቀዘ። የሚጠፋ ይመስል በየደቂቃው ገጹን ይክፈቱልኝ ትለኛለች፤ እከፍትላታለሁ፤ እንዳለ ነው።

«ጁምዓ ሳይደርስ ቢደውል ምን አለበት?» አለች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው። ሥራ አስኪያጁ ከባለቤቱ ጋር ሆነው አምስት መርጠዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በስም ጠራ። አራተኛውን ሲጠራ ትንሽ ቆየ።

«ይኼ... እጅ ያለበት። ነጠላ የለበሱ ሴት ከጀርባው ቆመው የያዙት። እኚህ ማን ናቸው?»

ሊቀመንበሯ እኔን አየችኝ። «የጥራት ተቆጣጣሪያችን ናቸው» አለችው።

«ጥሩ። አምስተኛው ስሙ አለ፣ ፎቶው ግን የለም።»

ውሻ የበላው ነው። እጄን አጣመርኩ። እሷ ግን ጀርባዋን ቀና አደረገች።

«ጌታዬ፣ እሱ ፎቶ የለውም፤ የሠራው እጅ ግን አለ። አንዱን ሠርተን እናሳይዎት፤ ካልወደዱት አይውሰዱት።»

በዚያ በኩል ሁለቱ ሰዎች ሲነጋገሩ ተሰማ። ከዚያ እሺ አለ። ሌላም ብዙ ነገር ተነጋገሩ፤ ስለ ማስረከቢያው፣ ስለ ስፋቱ። ስልኩን ስትዘጋ «አልሐምዱሊላህ» አለችና የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ፤ የሚሠራ ነገር ኖሮኝ አልነበረም።

የሁሉንም ደንበኞች ባክአፕ በዚያው ቀን ከሰዓት አስተካከልኩ። ያነሣሁትን ምልክት መለስኩት፤ ዲስኩን የሞላው የማንም ፎቶ ሳይሆን የትምህርት ቤቶቹ ያረጀ ኢሜይል መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አሁን በየወሩ ከፍላሹ ላይ አንድ ደንበኛ መርጬ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙከራው ቦታ እመልሳለሁ። ሠርቶ ካየሁት በኋላ ነው የማሽገው። ለጀማሪ የምመክረው ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ተመልሶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ሌላው ሁሉ ከደብተር ይገኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንዱም ሴቶች ግቢዬን ሞሉት። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መግቢያ ልከፍት ነበር የተቀጣጠርነው። ፎቶ መጫን የሚችሉት ሁሉም ናቸው፤ ማጥፋት የምትችለው ሊቀመንበሯ ብቻ ናት። በር ላይ ተሰልፈው አንድ በአንድ እየገቡ የይለፍ ቃላቸውን ይጽፋሉ፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ሁለተኛዋ እየጻፈች ጮክ ብላ ስትቆጥር ውጭ ያሉት ሁሉ ሰሟት፤ ተስቆባት እንደገና ጀመረች።

መጨረሻ የገባችው በዕድሜ ትልቋ ናት። የጣርማ በር ሰው ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ውሻው የበላውን ስጋጃ የጀመረችው እሷ ነበረች። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ምን ልበል?» አለችኝ።

«ሰው የማያውቀው ቁጥር ይኑርሽ። ረዘም ያለ። የልደት ዓመት አይሆንም፤ ስልክም አይሆንም።»

አሰበች። ወደ በሩ አየች፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«በጎቼስ? የዘንድሮው፣ ያምናው፣ ያቻምናው፣ የነጩ ለብቻ፣ የጥቁሩ ለብቻ?»

በእኛ አገር የከብት ቁጥር ለሰው አይነገርም።

«ማን ያውቀዋል?» አልኳት።

«ኧረ ማንም! ባለቤቴም በግምት ነው የሚያወራው።»

«እንግዲያው ጻፊው» አልኩና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ፣ ስትጫን ሰማሁ። ብዙ ጊዜ ወሰደባት።